ስለ ሕዝብ ቁጥር ስንነጋገር ሐረማያን እናስብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሕዝብ ቁጥር ዕድገት የዓለምን የተፈጥሮ ሀብት አሟጦ ይጨርስ እንደሆነ የሚጠይቀውን ጽሑፋችሁን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ጉዳዩን ማንሣታችሁም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጥያቄው «ዓለም» በሚል ስፋት ብቻ ሲቀርብ፣ ውኃ ቀድቶ መሬት አርሶ የሚኖረው ወገናችን ዛሬ የገጠመውን ችግር ይሸፍንብናል የሚል ሥጋት ስላደረብኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

በዓለም ደረጃ ከታየ የፍርሃቱ መሠረት ብዙዎች እንደሚያስቡት ጠንካራ አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ምግብ ከሕዝብ ዕድገት ጋር እኩል ሊራመድ አይችልም ብሎ ሲጽፍ፣ የምድራችን ነዋሪ አንድ ቢሊዮን ያህል ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 8 ቢሊዮን ሲሞላ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው የእህል ምርት በእርሱ ዘመን ከነበረው በልጦ ተገኝቷል፤ ለዚህም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ፣ መስኖና እነ አሜሪካዊው የግብርና ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ ያዳቀሏቸው አጭር የስንዴ ዝርያዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያም የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ከደረሰ በኋላ መቀነስ ይጀምራል። መዳብን የመሰለ ማዕድን ሲያጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው ሲወደድ ሌላ ክምችት ይፈለጋል፣ ያገለገለው ይቀልጣል፣ በምትኩም ሌላ ነገር ይገባል።

የሐይቅ ውኃና የተራራ አፈር ግን በዚህ ሕግ አይተዳደሩም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘውን የሐረማያ ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሐይቁ ለአሥርታት የሐረር ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው ውኃ ምንጭ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም በሞተር እየሳበ ጫቱን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ያጠጣበታል፤ ዛፉ የተመነጠረው ኮረብታ ደግሞ በየክረምቱ ደለሉን ወደ ሐይቁ ያወርዳል። በ1990ዎቹ ውስጥ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት በነበረው ሥፍራ ከብት ተሰማርቶ ይግጥ ጀመር፤ ገበሬው የሐይቁን ወለል ቆፍሮ የጉድጓድ ውኃ ሲስብ፣ የሐረር ነዋሪ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ይንከራተት ነበር፤ ለከተማውም ከሩቅ ከድሬዳዋ አካባቢ ውኃ በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዝ መጀመሩ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ ያደረቁት ምክንያቶች ግን አሁንም እዚያው አሉ።

ታዲያ ሐረማያን ያደረቀው የሕዝብ ብዛት ነው? በከፊል አዎን፤ ከተማውም ገጠሩም ሰው በዝቶበታል። ነገር ግን በዚያው ቁጥር ላይ የጫት ገበያ መድራት፣ የሞተር መበራከትና የተራራው መራቆት ባይጨመሩበት ኖሮ ሐይቁ በዚያ ፍጥነት ባልጠፋ ነበር። ከሁሉም በላይ በዓመት ምን ያህል ውኃ ቢሳብ ሐይቁ እንደሚተካው ለክቶ፣ ከዚህ አይለፍ የሚል ወሰን አስቀምጦ የሚያስከብር አካል አልነበረም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውኃ ከማናቸውም አገልግሎት ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ነጻነቱ ለድሃው ገበሬ ታስቦ የተሰጠ መሆኑን አምናለሁ፤ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ሞተር በሚተከልበት ዘመን ግን እንደገና ሊታይ ይገባዋል።

በሌላ በኩል፣ ችግሩ የሀብት ክፍፍል እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም የሚሉትን ወገኖች አልቀበላቸውም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 53 ሚሊዮን የነበረው ሕዝባችን በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። በደጋው አገር አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ያለው አባት ለአራት ልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ ይደርሳል። በአንድ ጥማድ የሚኖር ቤተሰብ መሬቱን ማሳረፍ አይችልም፤ ማገዶ ስለሌለው ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባውን ፋንድያ ኩበት ጠፍጥፎ ያነድደዋል፤ ቀድሞ ለግጦሽ ይተው የነበረውን ተዳፋትም ያርሳል። አፈሩ በዚህ መንገድ ከሄደ በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይመለስም።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ግብ ጥሎ ነበር። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩን 4.6 ሆኖ አገኘው፤ በገጠር 5.2፣ በአዲስ አበባ ግን ከ2 በታች ነው። ይህ ለውጥ የመጣው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ዕድሜዋ ሳይደርስ መዳሯ ሲቀርና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በጤና ኬላ ስታገኝ እንጂ ማንም አስገድዷት አይደለም። ገጠሩ ወደኋላ የቀረው እነዚህ ነገሮች ስላልተዳረሱት ነው፤ ስለዚህም ለገጠር ልጃገረድ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ለአፈርና ለውኃም የሚወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስቡበት የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ከተወሰነ ወዲህ የምናቅደው ሁሉ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ በተመሠረተ ግምት ነው፤ ስንት ሰው እንደሚጠጣ ሳይታወቅ ስንት ጉድጓድ እንደሚበቃ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛው፣ ከየሐይቁና ከየከርሰ ምድር ውኃው በዓመት የሚወጣው መጠን ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ነው። ጋዜጣችሁም ይህን አኃዝ ከየተፋሰሱ ባለሥልጣናት ጠይቆ ቢያትምልን ትልቅ አገልግሎት ይሆናል፤ ከሐረማያ ቢጀምር ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሐረር