አይጧን ሁለተኛው ገጽ ላይ አትደብቁብን
ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ክፍል
ጉዳዩ፦ ስለ ምርምር ውጤቶች የሚወጡ መግለጫዎችን ይመለከታል

ክቡራን፣

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሬዲዮ ላይ የጤና ፕሮግራም አዘጋጅ ሳለሁ ከአንድ ተቋም መግለጫ ደረሰን። ስሙን አልጠራም። ዜና ሊነበብ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ርዕሱ «ለስኳር በሽታ ተስፋ የሚሰጥ ቅጠል» ይላል። እኔ ደግሞ አሳመርኩት፤ «ለስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ብዬ አስነበብኩ።

በማግስቱ አንዲት እናት ጣቢያው በር ድረስ መጡ። ክኒናቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። «ልጄ፣ ቅጠሉ የት ይሸጣል? ይሄንንስ ላቁመው?» አሉኝ። ሮጬ ገብቼ መግለጫውን እንደገና አነበብኩት። ቅጠሉ የተሞከረው በሰው ሳይሆን በአይጥ ላይ ነው፤ «አይጥ» የምትለው ቃል ግን ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተቀምጣለች። ወጥቼ «እማማ፣ ክኒንዎን እንዳያቋርጡ» አልኳቸው። ቅር እያላቸው ሄዱ። ማስተካከያም አነበብን፤ ማስተካከያ ማን ይሰማል?

ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ብቻዬን አላጠፋሁም።

የሳይንስ ዜና ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ጋዜጠኛ ላይ ነው። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የብሪታንያ ዋና ዋና ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 መግለጫዎች ከጥናቶቹና ከጋዜጦቹ ዜና ጋር እያስተያዩ አነበቡ። ከእንስሳት ጥናቶች መግለጫዎች 36 በመቶ የሚሆኑት ውጤቱ ለሰው ይሠራል ብለው አጋነዋል። መግለጫው ሲያጋንን ከ100 ዜና 86ቱ አብሮ አጋነነ። መግለጫው ልኩን ሲናገር ግን ያጋነነው 10ሩ ብቻ ነው። ማጋነኑ ዜናውን ብዙ ቦታ እንዳስወጣውም ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አልተገኘም። እንግዲህ በከንቱ ነው ማለት ነው።

ሰውን ለማሳሳት መዋሸትም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፉ ስንት ነበር? ከ7,000 ሴቶች ከአንድ ወደ ሁለት። ብዙዎች ደንግጠው ክኒኑን ጣሉ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። «እጥፍ» የሚለው ቃል እውነት ነበር፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ግን ሰው ጆሮ አልደረሰም።

የእኛንም አንርሳ። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከባህል መድኃኒት የተነሳ ምርምር መሠረታዊውን ደረጃ አልፎ ወደ እንስሳትና ሰው ሙከራ እየተሸጋገረ መሆኑን አሳወቀ። ሙከራው ገና ይቀረዋል ማለት ነው። ሰፈር የደረሰው ግን «መድኃኒት አገኘን» ተብሎ ነው። የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ዋጋ አልቀመስ ባለበት ሰሞን፣ የጨነቀው ሰው «ደረጃ» የሚለውን ቃል ከየት ይሰማል? «መድኃኒት» የሚለውን ነው የሚሰማው።

ሌላም አለ፤ እኛው በእኛው የምናውቀው። ብዙ ቦታ ጋዜጠኛ መግለጫ ሲጠራ መኪና ይላክለታል፣ ምሳ ይበላል፣ አበል ይፈርማል። እኔም ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ «ጥናቱን ገንዘብ የሰጠው ማነው?» ብሎ እጅ ማውጣት ይከብዳል። አትጠይቅ ያለኝ የለም። እኔው ነኝ ዝም ያልኩት።

ጋዜጠኛን የሚቀጣ አዲስ ሕግ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ መስመር ነው። ስለ ምርምር በምታወጡት መግለጫ ራስጌ ላይ፣ ከኃላፊው ንግግር በፊት፣ በማን ላይ እንደተሞከረ ይጻፍ፤ በሴል፣ በአይጥ ወይስ በሰው፣ ስንትስ ነበሩ። በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ መታተም አለመታተሙና ገንዘቡ ከየት እንደመጣም አብሮ ይግባ። «በእጥፍ» ካላችሁ ከስንት ወደ ስንት የሚለውን አትርሱ። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ተመሳሳይ ምልክት መግለጫዎች ላይ ማስቀመጥ ተጀምሯል። የተመራማሪው ስልክ ቁጥርም ይኑርበት። የሚነሳ ስልክ እባካችሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሰልችቶናል።

ያቺ ሃያ ደቂቃ ዛሬ አምስት ሆናለች፤ ቴሌግራም አይጠብቅም። መግለጫችሁን የሚቀበለው ወጣት አዘጋጅ ሁለተኛው ገጽ ላይ አይደርስም። እዚያ የምታስቀምጡትን ወደ መጀመሪያው አምጡለት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የሬዲዮ ጤና ፕሮግራም አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ