ለጤና ሚኒስቴር፦ የግፊቱ ኪኒና ለኤም ኤስም ይጠናልን

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

ታናሽ እህቴ ኤም ኤስ አለባት። ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቭን ሽፋን ያጠቃል። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ደበዘዘ። ቀጥሎ እግሯ ከዳት። "ጭንቀት ነው" ተብለን ተመልሰናል፣ ፀበልም ተመላልሰናል። ሕመሙ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኤም አር አይ ስትነሳ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ርካሽ ኪኒና ነው።

ደማችን ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብቡ ፔፕታይድ የሚባሉ ትንንሽ የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉ። አንዱ አንጂዮቴንሲን ነው። ግፊት ላለበት ሰው በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው ኢናላፕሪል የሚሠራው ይህ ፔፕታይድ እንዳይመረት በማድረግ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም የሆኑት ሎውረንስ ስታይንማን ራሳቸው ግፊት ተገኝቶባቸው የኢናላፕሪል ቅርብ ዘመድ የሆነው ሊሲኖፕሪል ታዘዘላቸው። "ይሄ አንጂዮቴንሲን ከኤም ኤስ ጋር ይገናኝ ይሆን?" ብለው መፈተሽ የጀመሩት ያኔ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ቡድናቸው ውጤቱን አወጣ። በኤም ኤስ ሕሙማን አንጎል ቁስሎች ላይ ይህ ፔፕታይድ ተጣብቆ የሚሠራበት መቀበያ ተገኘ። ኤም ኤስን የሚመስል ሕመም ይዟቸው ሽባ የሆኑ አይጦችም በሊሲኖፕሪል ተሻላቸው። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብራስልስ ተመራማሪዎች ኢንዶቴሊን 1 የተባለ ሌላ ፔፕታይድ ከሕሙማኑ አንጎል በሚመለሰው ደም ውስጥ በርክቶ አገኙት። እሱን የሚያግድ ቦሴንታን የተባለ መድኃኒት ለሕሙማኑ ሲሰጣቸው፣ ቀንሶ የነበረው የአንጎል ደም ዝውውር ተስተካከለ።

አይጥ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማንም ሕመምተኛ ኢናላፕሪል በራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ አደራ እላለሁ። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው፤ ኤም ኤስ ደግሞ የሚበረታው በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ነው። ስለዚህ ነገሩ በሐኪም እጅ፣ በጥናት መታየት አለበት። ግን ማን ያጥናው? ኪኒናው ርካሽ ነው፣ ፓተንቱም (ብቻውን የማምረት መብቱ) ካበቃ ቆይቷል። ለመድኃኒት ኩባንያ ምን ትርፍ አለው? ይህ የመንግሥት ሥራ ነው።

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በእናንተው ሥር ነው። የነርቭ ሐኪሞቻችንን ይዞ በትንሹም ቢሆን ይጀምር። እስከዚያው የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለኤም ኤስ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባቸው ሪቱክሲማብ፣ ግላቲራመርና ክላድሪቢን በመንግሥት ሆስፒታሎች፣ በምንችለው ዋጋ ይግቡልን። ጥናቱ እስኪያልቅ የእህቴ እግር አይጠብቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ኤም ኤስ ታማሚ ወንድም፣ አዲስ አበባ