የካምፖ አደባባይ መሐሉ ክፍት ሆኖ ይቆይ

ለሲዬና ከተማ ማዘጋጃ ቤት
ሲዬና፣ ጣልያን

ጉዳዩ፦ የፒያሳ ዴል ካምፖ የጡብ ወለል ከቋሚ ግንባታና ከንግድ ነጻ ሆኖ እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ከተማችሁን በእንግድነት በጎበኘሁበት ዕለት የምሄድበትን ሳልወስን ከአንዱ ጠባብ መንገድ ወደ ሌላው ስዘዋወር ቆይቼ፣ በረጃጅም ቤቶች መካከል በሚያልፍ ጨለምለም ያለ መተላለፊያ ቁልቁል ስወርድ ድንገት ካምፖ ላይ ወጣሁ። በዚያ በኩል አደባባይ መኖሩን አስቀድሞ የነገረኝ ምንም ነገር አልነበረም። ከፊቴ እንደ ዛጎል ተዘርግቶ ወደ ማዘጋጃ ቤታችሁ ሕንጻ ወደ ፓላዞ ፑብሊኮ የሚያዘቀዝቅ ቀይ የጡብ ሜዳ አየሁ፤ ሰዎች፣ ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ፣ መሬቱ ላይ ተቀምጠዋል። እኔም ማንንም ሳላስፈቅድና ምንም ሳልከፍል አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ እስኪመሽም አልተነሣሁም።

የተቀመጥሁበትን ምንነት የተረዳሁት በኋላ ሳነብ ነው። ወለሉ በነጣ ያለ ድንጋይ መሥመሮች በዘጠኝ መከፈሉ እ.ኤ.አ. ከ1287 እስከ 1355 ከተማዋን ያስተዳደረውን፣ ዘጠኝ ሹማምንት የመሩትን የዘጠኙን መንግሥት ያስታውሳል። ይኸው መንግሥት ገና በ1297 ወደ አደባባዩ የሚያዩ ቤቶች መስኮቶቻቸው በትንንሽ ዓምዶች የተከፈሉ እንዲሆኑ፣ ሰገነትም እንዳያወጡ ደንግጎ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ደንብ ነው፤ አንድ ሰው በገዛ ግድግዳው ላይ የሚሠራው ነገር የሁሉም የሆነውን ስፍራ እንደሚነካ ያወቀ አስተዳደር ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ነበረ ማለት ነውና። ዘጠኙ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 በሣለው ሥዕል ላይም፣ መልካም አስተዳደር በሰፈነባት ከተማ ሰዎች ከደጅ ወጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩ ይታያሉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። የምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛዎች ዛሬ ባሉበት በአደባባዩ ዳር እንዲወሰኑ፣ በጡቡ ወለል ላይም ቋሚ የንግድ ቤት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም መድረክ እንዳይተከል አጥብቃችሁ ጠብቁ። ለፓሊዮ የፈረስ ውድድር፣ በየዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ (ጁላይ) እና ነሐሴ (ኦገስት) ላይ፣ በዙሪያው የሚነጠፈው አፈር ውድድሩ ሲያበቃ ይነሣል፤ ሌላውም ጊዜያዊ ነገር ሁሉ የሚነሣበት ቀን አስቀድሞ ይወሰንለት።

በአደባባዩ ባለው በፎንቴ ጋያ ምንጭ ላይ የነበሩት የያኮፖ ዴላ ኩዌርቻ ቅርጾች በዕድሜ ብዛት ሲጎዱ ወደ ሙዚየም ገብተው በምትካቸው ቅጂ ቆሟል። የወለሉን ክፍትነት ግን ወደ ሙዚየም ማስገባት አይቻልም፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ከተሸራረፈ የሚመልሰው አይኖርም። ወደ አደባባዩ የሚወርዱት መተላለፊያዎችም በትልልቅ ምልክቶች እንዳይሸፈኑ አደራ እላለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው መንገደኛም ሳያስበው ካምፖ ላይ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከተማችሁን የጎበኘ መንገደኛ