ለደንበኞቻችን፦ ተመሳስሎ የተሠራ ባትሪ መግጠም ስላቆምንበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለጥገና ካስረከባችሁን የመገናኛ ሬዲዮዎች አንዳንዶቹ ያለ ባትሪ በመመለሳቸው እንደተቆጣችሁ እናውቃለን። አስቀድመን ባለማሳወቃችን ሥራችሁ ተስተጓጉሏልና ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጥም።

በነዳጅ ማከማቻ፣ በጋዝ መሙያና የዱቄት ብናኝ በሚበዛበት ወፍጮ ቤት የሚያዘው ሬዲዮ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው እምብዛም አይለይም። ብልሽት ቢገጥመው እንኳ ተን ወይም ብናኝ የሚያቀጣጥል ብልጭታና ሙቀት እንዳይወጣው ኃይሉ ተገድቦ የተሠራ ነው፤ የደኅንነት ማረጋገጫውም የተሰጠው ለቀፎውና ለባትሪው በአንድነት ነው። ተመሳስሎ የተሠራው ባትሪ ልክ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማረጋገጫው ግን እዚያው ላይ ያበቃል።

«አንዲት ብልጭታ ምን ታደርጋለች?» ያላችሁን አልጠፋችሁም። እ.ኤ.አ. በ1913 በዌልስ ሴንግኸኒድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ ፈንድቶ 439 ቆፋሪዎች ሞተዋል፤ ከተጠረጠሩት መነሻዎች አንዱ ሠራተኞች መልእክት የሚለዋወጡበት የኤሌክትሪክ ደወል ነበር። የዛሬው የሬዲዮ ጥንቃቄ ከዚያ በኋላ በደወሎች ላይ ከተደረገ ምርምር የመጣ ነው።

ለእኔ ግን የበቃኝ አንድ ሬዲዮ ነው። ባትሪው በፕላስተር ታስሮ መጣ፤ ስፈታው አንዱ የመገናኛ ብረት ጠቁሯል፣ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ጥፍር በሚያህል ስፋት ቀልጧል። አብሮት የመጣው ወረቀት «ትንሽ ይሞቃል» ብቻ ይላል። የያዘው ሰው የሚሠራው ከነዳጅ ቦቴ ሥር ነው። ያን ባትሪ የገጠምነው ደግሞ እኛው ነበርን።

ውሳኔው ኦሪጅናሉን ሸጦ ለማትረፍ ነው ብላችሁ የጻፋችሁልን ደብዳቤ፣ ባልደብቃችሁ፣ አሳዝኖኛል። የሊቲየም ባትሪ እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚቆጠር ማጓጓዣው ውድ ነው፤ ኦሪጅናሉን በመሸጥ የሚተርፈን ከተመሳሳዩ ያነሰ ነው። በአንድ መበየጃና በሁለት መፍቻ ሥራ ስጀምር አምናችሁ ሬዲዮዎቻችሁን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ሁለት ደንበኞች ትተውን መሄዳቸውን ስሰማ እንቅልፍ የነሳኝም ለዚሁ ነው።

ለመጋዘን፣ ለጥበቃና ለግንባታ ለሚውሉ ተራ ሬዲዮዎች አሠራራችን አልተለወጠም። ማረጋገጫ ላላቸው ሬዲዮዎች ደግሞ ኦሪጅናሉ ባትሪ እስኪደርስ ምትክ ሬዲዮ ያለ ኪራይ እናውሳችኋለን፤ ብቻ ባትሪውን አደገኛው ክልል ውስጥ ሆናችሁ አትቀይሩ። ወደ ሌላ ጠጋኝ የሄዳችሁም ብትሆኑ እባካችሁ፣ የባትሪው ሞዴል ቁጥር ለቀፎው ከተፈቀዱት ባትሪዎች መካከል መሆኑን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ። ካልገባችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት