የኬሚስትሪ ክበብ፦ ከባትሪ ድንጋይ የተነሳ ጥያቄ

ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይዛ ክበብ መጣች። ጓንትና ማስክ አድርገን ከፈትነው። ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና የካርቦን ድብልቅ ነው አልኳት። «ኃይል የሚሰጠው ማንጋኒዙ ከሆነ ካርቦኑ ምን ሊሠራ ገባ?» አለች። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይህ ጥያቄ ነው።

ልጆቹ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ ሱቆችን ዞረው ያለቁ ድንጋዮች ሰበሰቡ። እኔ ከላብራቶሪ ንጹሕ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ አመጣሁ፤ ኦክስጅን ስናዘጋጅ የምንጠቀምበት ራሱ ነው። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቀን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካነው። ስክሪኑ ላይ 1 ብቻ ወጣ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክልበት መጠን፣ ከመረጥነው መለኪያ በላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ የቤት ከሰል ወቅጠን ቀላቀልን። አሁንም ያው 1። ሁለት ዓርብ እንዲሁ አለቀብን፤ ልጆቹም ቅር አላቸው። ግን ብዙ የተማርነው እዚህ ላይ ነው። የምድጃ ከሰል የሚከስለው ብዙ በማይግል እሳት ነው። ካርቦኑ እንደ ግራፋይት (የእርሳስ ልብ እንደሚሠራበት ካርቦን) በሥርዓት ስላልተደረደረ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ካርቦን ሁሉ አንድ አይደለም!

በሦስተኛው ዓርብ ከድንጋዮቹ መሃል ያለውን የካርቦን ዘንግ ፈጭተን ጨመርን። ቁጥር ወጣ፤ ካርቦን በጨመርን ቁጥርም እየወረደ ሄደ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን ከመርካቶ ጋር አመሳሰለው፦ መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ መኪና የሚገባበት መንገድ ግን የለም። ኦክሳይዱ መጋዘን፣ ካርቦኑ የኤሌክትሪክ መንገድ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። መንገዱን ከልክ በላይ ካሰፋነው ደግሞ ለመጋዘኑ ቦታ ያንሳል።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ሐሳብ በናኖሜትር መጠን ይሠሩበታል። አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ግራፊን የ1 አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ የ1 ግራሙ የሁለት ገጽ ስፋት በስሌት 2,630 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የአንድ ኳስ ሜዳ ሲሶ ያህል ነው። ኦክሳይዱን በዚህ ወይም በካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ላይ ስስ አድርገው ያለብሱታል። ያኔ ኤሌክትሮኑም አዮኑም (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) ሩቅ መንገድ አይጠብቃቸውም። በሊቲየም ባትሪ ግራፋይት በስሌት በግራም 372 ሚሊአምፔር-ሰዓት (የሚያጠራቅመው የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ) ይይዛል፤ የዝገት ዘመድ የሆነው የብረት ኦክሳይድ ግን 1,000 ገደማ። ችግሩ ሊቲየም ሲገባበት ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል፣ ቶሎም ይፈረካከሳል። ካርቦኑ መንገድ ከመሆኑም በላይ ይህን እብጠት ይችልለታል።

እኛ በሙቀጫ የቀላቀልነው ናኖ አይደለም፤ ይህን ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። በሰኔው የወላጆች ቀን ግን ቱቦዎቹን በተርታ ደርድረው፣ ጥያቄውን ያመጣችው ልጅ ራሷ ለወላጆች አስረዳች። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የግራም መቶኛ የሚለካ ሚዛን። ያለን ሚዛን ከ1 ግራም በታች አያነብም፤ ልጆቹ ደግሞ ስንት ካርቦን እንደሚበቃ በትክክል ማወቅ ይፈልጋሉ።