የሥነ ጽሑፍና የቅርጻ ቅርጽ ክበብ ዘገባ፦ የሞስኮው ፑሽኪን በጀሶ

ክበቡ ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት፤ ዓመቱንም በአንድ ሥራ ጨረሰ። ሞስኮ የቆመውን የሩሲያዊውን ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪንን ሐውልት በ60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሠራ። ሳር ቤት አካባቢ ያለውን ፑሽኪን አደባባይ የታክሲ መያዣ ብቻ አድርጎ የሚያውቀው ብዙ ስለሆነ ምርጫው አላከራከረም።

ፑሽኪን የሞስኮ ልጅ ነው። ሐውልቱን የቀረጸው ከገባር ቤተሰብ የተወለደው አሌክሳንደር ኦፔኩሺን ሲሆን፣ ለሥራው ከ106,000 ሩብል በላይ የተገኘው ከሕዝብ መዋጮ ነው። በቀኑ ጉዳይ መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። የያኔው የሩሲያ አቆጣጠር እንደ እኛው ዩልዮሳዊ (ምንጊዜም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር) በመሆኑ፣ ልደቱ (በእነሱ ሜይ 26 ቀን 1799) በእኛ ልክ ሰኔ 1 ቀን 1791 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ምረቃው ደግሞ ሰኔ 12 ቀን 1872 ዓ.ም. ነው። ሩሲያውያን ዛሬ ልደቱን በአዲሱ አቆጣጠር ጁን 6፣ ማለትም ግንቦት 29 ያከብራሉ። ዐውደ ርእያችን በሰኔ 1 የተከፈተው ለዚህ ነው።

አቋሙ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ራሱን አቀርቅሯል፣ ቀኝ እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቷል፣ ግራ እጁ ወደ ኋላ ዞሮ ባርኔጣ ይዟል፣ ከላይ ካባ ደርቧል። ያስቸገረን ያቀረቀረው ራስ ነው። ጭቃውን ከውስጥ የሚሸከመውን አጽም ከ6 ሚሊ ሜትር ፌሮ አጥፈን ጣውላ ላይ አሰርን፤ አንገቱ ላይ ግን ቀጭን ሽቦ ብቻ ተጠቅመን ነበር። ጭቃው በሦስተኛው ቀን ክብደቱን ወደፊት ጣለና ማጅራቱ ተሰነጠቀ፤ ሰውዬው ሐሳብ የያዘው ሳይሆን እንቅልፍ የጣለው መሰለ። ፌሮው እስከ አናቱ መድረስ ነበረበት። ከዚያም ጣት የሚያህሉ እንጨቶችን በመስቀል አስረን በሽቦ ጭንቅላቱና ደረቱ ውስጥ አንጠለጠልን፤ ጭቃው እነሱን ተንተርሶ ይቆማል። 12 ኪሎ ያህል የሸክላ አፈር ገባበት። ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ ካልለበሰ ጠዋት ይሰነጠቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የጭቃው ሐውልት ሲያልቅ በጀሶ ተሸፍኖ ቅርጽ ማውጫ ይሠራለታል፤ ማውጫው ሁለት ቁራጭ ነው፣ ፊትና ጀርባ። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጡ ቆርቆሮዎች በጎኑ ዙሪያ ጭቃው ላይ ተሰክተው ድንበር ይሆናሉ። የመጀመሪያው የጀሶ ሽፋን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ሰማያዊ የቀለም ዱቄት ይገባበታል፤ በላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ነጭ ጀሶ ይጨመራል። ሰማያዊው ለጌጥ አይደለም፤ ጥቅሙ በኋላ ይታያል።

መጠኑ 3 ኪሎ ጀሶ ለ2 ሊትር ውሃ ነው። ጀሶው በውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃ በጀሶ ላይ አይፈስም። አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲጠጣ ይተዋል፤ ከዚያ እጅን ከውሃው ሳያወጡ በቀስታ ማማሰል ነው፣ አለዚያ አየር ይገባውና ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። የመጀመሪያው ባልዲያችን በአምስት ደቂቃ ደርቆ ተጣለ። ምክንያቱ ጠርዙ ላይ የቀረው የትናንት ጀሶ ነው፤ እንደ እርሾ ሆኖ አዲሱን አቻኮለው። ከዚያ ወዲህ ባልዲ ሳይፈተሽ ጀሶ አልተበጠበጠም።

ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ካለቀ በኋላ ማውጫው ተከፍቶ ጭቃው ይወጣል፣ ውስጡ ይታጠባል፣ የሳሙና ውሃ ሦስት ጊዜ ይቀባል። ሁለቱ ቁራጮች ታስረው በእግሩ በኩል ጀሶ ይፈስባቸዋል። ከዚያ ማውጫውን በደነዝ መሮ መሰባበር ነው። ሰማያዊው ብቅ ሲል መዶሻው ይለዝባል፤ ከስሩ ያለው ሐውልቱ ነውና። ባርኔጣው ጋ ሳሙና ስላልደረሰ ተጣብቆ ጠርዙ ተሰበረ፤ የአሁኑ በቢላ የተቀረጸ ጥገና ነው። ግራ ክንዱ ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ውስጡ የገባው ጥቁር ሽቦ ዝገት ነው። የተለበጠ ሽቦ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር። ቀለም ሳንቀባ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል፤ እርጥብ ጀሶ ላይ የተቀባ ይላጣል።

መደቡ እንጨት ነው፤ የሞስኮው ግራናይት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ «ለፑሽኪን»። በጎኖቹ ላይ ያሉት ስንኞች ታሪክ አላቸው። በጨካኝ ዘመን ነጻነትን ማወደሱን የሚናገረው ስንኝ ገጣሚው ከሞተ በኋላ ሳንሱር እንዲያልፍ በወዳጁ ዡኮቭስኪ ተለውጦ ታተመ፤ ሐውልቱ ላይም የተለወጠው ተቀረጸ። ትክክለኛው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እኛ የጻፍነው ትክክለኛውን ነው።

የሞስኮውን አደባባይ ንድፍ ከድሮ ፎቶግራፍ ስለቀዳን ሐውልቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ከትቬርስኮይ ቡልቫር ጫፍ ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሯል፤ ያኔ ፊት ለፊት ያየው የነበረው ገዳም ፈርሶ ስለነበር ገዳሙ በነበረበት ቦታ ቆሞ ፊቱን ወደ ቀድሞ ስፍራው መልሷል። ንድፉ ተስተካክሏል።

የመግለጫ ካርዱ ላይ «ኢትዮጵያዊው ባለቅኔ» የሚል ረቂቅ ቀርቦ ተሰርዟል። የእናቱ አያት አብራም ሃኒባል አፍሪካዊ መሆኑ አያጠያይቅም። ሃኒባል ራሱ የጻፈው የትውልድ ከተማው «ላጎን» መሆኑን ነው። ለረጅም ዘመን ይህ ወደ እኛ አገር ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለው ሎጎን ነው የሚል ጠንካራ ክርክርም አለ። ካርዱ ሁለቱንም ይዟል።

ማውጫው ስለተሰባበረ ሁለተኛ ቅጂ አይኖርም። ሐውልቱ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ነው፤ አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይነሣ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይወልወል።