እማዬ፣ ማማሰያ ልኬልሻለሁ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰሞኑን ስልኩ እየተቆራረጠ ወሬያችን "ሃሎ፣ ሃሎ" ብቻ ሆነ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። እታለም ቁጭ ብላ ታንብብልሽ።

ትልቋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት ሌሊት እየተነሳች ታጠናለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወርነው፣ ልክ አንቺ ታደርጊልን እንደነበረው። "እማማ መቼ ነው የምትመጣው?" እያለ ይነዘንዘኛል። እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ስማር ነበር። የጀማሪ ትምህርት ነው። ሌሎቹ መክተፊያ እንሥራ አሉ፣ እኔ ማማሰያ አልኩ። ከወደቅሽ ወዲህ ቀኝ እጅሽ እንደ ድሮው እንደማይጨብጥ፣ ሽሮ ስታማስዪ ከእጅሽ እያመለጠ እንደሚወድቅ እታለም ነገረችኝ። ለእኔ ግን ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" ነው የምትዪኝ። ለምን ትደብቂኛለሽ?

የመጀመሪያውን ከዋንዛ ሠራሁት። ዋንዛ ገር እንጨት ነው፣ ለጀማሪ እጅ አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል ብሎ አስተማሪያችን አላስነካንም። ሁለተኛው ከወይራ ነው፣ የላክሁልሽም እሱን ነው። ወይራ ጠጣር ነው እማዬ። መሮው ተንሸራቶ አውራ ጣቴን ቆርጦኝ ነበር፣ አሁን ድኗል። የእንጨቱን ጅማት ተከትለሽ ስትሄጂ ልስልስ ብሎ ይላጣል፣ በተቃራኒው ከሄድሽ ይቦጨቃል። መያዣውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፈርኩት፣ ጣትሽ ብዙ ሳይታጠፍ እንዲይዘው። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ውሃ ነካ አደረግኩት። ውሃ ሲነካው የእንጨቱ ጸጉር ይቆማል፣ ሲደርቅ እንደገና ይታሻል። መጨረሻ ላይ ኑግ ዘይት ቀባሁት። ስፈገፍገው የወይራው ሽታ ወጣና የጠላ ጋን ስታጥኚ ታየሽኝ።

ያኛው ማማሰያም ትዝ አለኝ።

የአባባ ተዝካር ዋዜማ ነበር። 12 ዓመቴ ነው። ከብት እየጠበቅሁ በአባባ ፋስና በአሮጌ ቢላ ሦስት ሳምንት የጠረብኩት ወይራ ነበር። ማጀቱ በሴቶች ተሞልቶ ወጥ ሲሠራ ይዤልሽ ገባሁ። "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል!" አልሽና ከእጄ ተቀብለሽ ጉልቻው ሥር ማገድሽው። አላየሽውም እኮ። ምን እንደሆነ እንኳ አላየሽም። ሴቶቹ ሳቁ። አባባ ሲቀበር ያላለቀስኩት ልጅ በረት ገብቼ እስኪመሽ አለቀስኩ።

ሐዘን ላይ ነበርሽ፣ ያን ሁሉ እንግዳ የምታበዪው ጨንቆሽ ነበር። ዛሬ ይገባኛል፣ ያኔ ግን አልገባኝም። 30 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ይቅርታ እንድትጠይቂኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። አይ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ፈልጌያለሁ። አንድ እናት ብቻዋን አምስት ልጅ አሳድጋ ይህን ከእሷ መጠበቅ ነውር ከሆነም ነውር ይሁን።

የግፊት ኪኒንሽን እየወሰድሽ ነው? "ሻል ሲለኝ ተውኩት" የሚባል ነገር የለም፣ ሻል ያለሽ በኪኒኑ ነው። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ለእታለም ንገሪያት፣ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ቀድሜ ልላክልሽ።

በይ፣ የፈራሁትን ልናገረው። ብቻሽን መሆንሽ እንቅልፍ ነስቶኛል። ያን ቀን ደጅ ላይ ወድቀሽ ጎረቤት እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደቆየሽ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ላሚቱን እታለም ትያዝልሽ፣ አንቺ እኛ ጋ ነይ። "የአባታችሁን ቤት ዘግቼ አልሄድም" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለክረምቱ ብቻ ይሁን፣ የጮቄ ብርድ ጉልበትሽን ሳይዘው። መስከረም ሲጠባ መመለስ ከፈለግሽ ራሴ ሞጣ አደርስሻለሁ።

ማማሰያውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አትተይው፣ እሳት ዳርም አታድርቂው፣ ይሰነጠቃል። መያዣው ከወፈረብሽ መልሰሽ ላኪልኝ፣ እቀንሰዋለሁ። ከቀጠነብሽም ሌላ ደረቅ ወይራ አስቀምጬልሻለሁ።

ልጅሽ